2147483647፦ ሁሉንም ሳይሞክሩ ብቸኛ መሆኑ እንዴት ታወቀ?

2147483647። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፦ ሁለት ቢሊዮን፣ አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን፣ አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ፣ ስድስት መቶ አርባ ሰባት። ከ1 እና ከራሱ በስተቀር ይህን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍል ቁጥር የለም። እንዲህ ያለውን የትምህርት ቤት መጽሐፎቻችን ብቸኛ ቁጥር ይሉታል። በተለምዶ ደግሞ ፕራይም እንለዋለን። 2፣ 3፣ 5፣ 7 እና 11 ብቸኛ ናቸው። 15 ግን አይደለም፤ ለ3ም ለ5ም ይካፈላል።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ከምታልቅበት ዳር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ሒሳብ አስጠናለሁ። ከእነሱ አንዷ በስልኳ ኮዲንግ ትለማመዳለች። አንድ ቀን ይህን ቁጥር ይዛ መጣች።

“ቲቸር፣ እዚህ ቁጥር ላይ 1 ስጨምር መልሱ ኔጌቲቭ ሆኖ ይመጣል። ለምንድን ነው?” አለችኝ።

ምክንያቱን ነገርኳት። ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑንም ጨመርኩላት። ዋናው ጥያቄ የመጣው ያኔ ነው።

“ማን ሞክሮት? ሁለት ቢሊዮን ጊዜ አካፍለው ነው?”

ጥያቄዋ በጣም ትክክል ነው። መልሱም ያስደስታል፦ ሁለት ቢሊዮን ጊዜ ቀርቶ መቶ ጊዜ እንኳ ማካፈል አያስፈልግም። ያውም ሥራው የተሠራው ከ250 ዓመት በፊት፣ ኮምፒውተር ሳይኖር ነው። ማባዛትና ማካፈል የሚችል ሰው መንገዱን እስከ መጨረሻው ሊከተለው ይችላል።

መጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እንይ። 2ን ማጠፍ ጀምሩ፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32… ሠላሳ አንደኛው ላይ 2147483648 ይመጣል። ከእሱ 1 ቀንሱ። ቁጥራችን ይሄው ነው፦ 2³¹ − 1።

ኮምፒውተር ቁጥርን የሚጽፈው በ0 እና በ1 ብቻ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ለአንድ ሙሉ ቁጥር 32 ቦታ ይመድባሉ። አንዱ ቦታ ቁጥሩ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ መሆኑን ለመለየት ይውላል። 31 ቦታ ይቀራል። ሠላሳ አንዱም ቦታ በ1 ሲሞላ 2147483647 ይሆናል። በላዩ 1 ሲጨመር ሞልቶ ይፈሳል፤ የምልክቱ ቦታ ይነካል፤ ቁጥሩም ወደ ታችኛው ጫፍ፣ ወደ −2147483648 ይገለበጣል። ተማሪዬ ያየችው ይህንን ነው።

ይህ ነገር እኛን የሚያገኝበት አንድ ቀን አለ። ብዙ የቆዩ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ጊዜን የሚቆጥሩት በሰከንድ ነው። መነሻቸው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.። ሰከንዱ 2147483647 ሲደርስ ቀኑ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ይሆናል። ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ሆኖ አገኘሁት። የጥምቀት ዕለት! ሰዓቱ ደግሞ በአዲስ አበባ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው፤ ሕዝቡ ገና ባሕረ ጥምቀቱ ዙሪያ ሳለ። ያልታደሰ ሥርዓት ከዚያ በምትቀጥለው ሰከንድ ቀኑን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ነው ብሎ ያነባል፤ የአፄ ምኒልክ ዘመን ማለት ነው። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች 64 ቦታ ስለሚጠቀሙ ይህ ችግር አያገኛቸውም።

ይህ የኮምፒውተሩ ጉዳይ ነው። ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑ ግን ከኮምፒውተር በፊት የታወቀ ነው። ወደ ማካፈሉ እንግባ።

የመጀመሪያው ቅነሳ ቀላል ነው፤ ብዙ ተማሪም ያውቀዋል። አንድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥም። 36ን ውሰዱ። 4 × 9 ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ከ6 ያንሳል። የ2147483647 ስኩዌር ሩት 46340 ከምናምን ነው። ስለዚህ እስከ 46340 ያለውን ብቻ መሞከር ይበቃል። ሁለት ቢሊዮኑ በአንድ እርምጃ ወደ 46 ሺህ ወረደ።

ሁለተኛው ቅነሳም አይከብድም። ለ2 ካልተካፈለ ለ4፣ ለ6 እና ለ8 መሞከር ትርፍ ድካም ነው። መሞከር ያለባቸው ብቸኛ ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው። እስከ 46340 ድረስ 4792 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ።

የትምህርት ቤቱ መንገድ እዚህ ላይ ያበቃል። 4792 ማካፈል በእጅ የወራት ሥራ ነው። እንደ እኔ እምነት ግን የሒሳብ ጉልበት የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። እስካሁን የጠየቅነው “የትኞቹን እንሞክር?” ብለን ነው። አሁን የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ቢኖር ኖሮ፣ ምን ዓይነት ቁጥር መሆን ነበረበት?

በትንሽ ምሳሌ እንየው። 2¹¹ − 1 = 2047 ነው። ይህ ብቸኛ አይደለም፤ 23 × 89 ነው። 23ን ያዙና 2ን እያጠፋችሁ፣ በየደረጃው ለ23 ስታካፍሉ የሚቀረውን ብቻ ጻፉ፦

2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 9፣ 18፣ 13፣ 3፣ 6፣ 12፣ 1

ከ16 ቀጥሎ 32 መሆን ነበረበት፤ 23 ሲነሳለት 9 ቀረ። ሌላውም እንዲሁ። በአሥራ አንደኛው ላይ 1 መጣ። ከዚያ ወዲያ ያው ረድፍ ይደገማል። ስለዚህ እነዚህ 11 ቁጥሮች ዞሮ የሚገጥም ቀለበት ሠርተዋል።

ለ23 ሲካፈሉ ሊቀሩ የሚችሉት ቁጥሮች ከ1 እስከ 22 ናቸው። 11ዱ እዚህ ቀለበት ውስጥ ገቡ። የቀሩትስ? ያልገባ አንድ ቁጥር፣ ለምሳሌ 5ን አንስታችሁ በዚያው መንገድ እጠፉት፦

5፣ 10፣ 20፣ 17፣ 11፣ 22፣ 21፣ 19፣ 15፣ 7፣ 14

ቀጥሎ 28 ይመጣል፤ 23 ሲነሳለት 5። ይህም ቀለበት ሆነ፤ ይህም 11 ቁጥር አለው። ሁለቱ ቀለበቶች አንድም ቁጥር ሳይጋሩ 22ቱን በሙሉ ተካፍለው ጨረሱ።

ይህ በአጋጣሚ አይደለም። አካፋዩ ብቸኛ ቁጥር እስከሆነ ድረስ ቀሪዎቹ ሁልጊዜ እኩል ርዝመት ባላቸው ቀለበቶች ይከፈላሉ። ስለዚህ የቀለበቱ ርዝመት አካፋዩን ሲቀነስ 1 የግድ ያካፍለዋል። እዚህ 11፣ 22ን አካፈለ። ይህን ሐቅ መጀመሪያ ያስተዋለው ፈረንሳዊው ፒዬር ደ ፌርማ ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን።

አሁን ወደ ትልቁ ቁጥር እንመለስ። 2³¹ − 1ን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር አለ እንበል። ያኔ 2³¹ ለእሱ ሲካፈል 1 ይቀራል። ይህም 2ን እያጠፍን ስንሄድ በ31ኛው እርምጃ 1 ላይ እንደርሳለን ማለት ነው። የቀለበቱ ርዝመት ስንት ነው? 31ን የሚያካፍል መሆን አለበት። 31 ራሱ ብቸኛ ነው፤ ስለዚህ ያለው ምርጫ 1 ወይም 31 ነው። 1 ሊሆን አይችልም፤ 2 ራሱ ቀሪው 1 አይሆንምና። እንግዲህ ርዝመቱ 31 ነው። ስለዚህ አካፋዩ ሲቀነስ 1 የ31 ብዜት ነው። አካፋዩ ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ደግሞ 1 ሲቀነስለት ለ2 የሚካፈል ይሆናል። ስለዚህ የ62 ብዜት ነው።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 ሳንሞክራቸው ወደቁ። መሞከር ያለባቸው 63፣ 125፣ 187፣ 249፣ 311… እያሉ በ62 የሚሄዱት ብቻ ናቸው። እስከ 46340 ድረስ 747 ብቻ ናቸው።

አንድ ቅነሳ ይቀራል። 2³¹ ቀሪው 1 ከሆነ፣ አንዴ ስናጥፈው 2³² ቀሪው 2 ነው። ግን 2³² የ2¹⁶ ስኩዌር ነው። ስለዚህ አካፋዩ ስኩዌሩ 2 የሚቀርለት ቁጥር ያለው መሆን አለበት። ይህ ለሁሉም አይገኝም። ለ7 አለ፦ 3 × 3 = 9፤ 7 ሲነሳ 2። ለ17 አለ፦ 6 × 6 = 36፤ 34 ሲነሳ 2። ለ23ም አለ፦ 5 × 5 = 25። ለ5 እና ለ11 ግን ብትፈልጉም አታገኙም። ሕጉ ይህ ነው፦ እንዲህ የሚሆነው ለ8 ሲካፈሉ 1 ወይም 7 ለሚቀራቸው ጎዶሎ ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ነው። ማረጋገጫው ረዘም ስለሚል እዚህ አልገባበትም፤ በትንንሾቹ ቁጥሮች ግን ራሳችሁ ሞክሩት።

ሁለቱን ሕጎች ስናጋጥም ሁለት ረድፎች ይቀራሉ፤ ሁለቱም በ248 የሚራመዱ። አንዱ ከ63 ይነሳል፦ 63፣ 311፣ 559፣ 807፣ 1055፣ 1303… ሌላው ከ249 ይነሳል፦ 249፣ 497፣ 745፣ 993፣ 1241፣ 1489… እስከ 46340 ሁለቱ ረድፎች አንድ ላይ 373 ቁጥሮች አሏቸው። ከእነሱ አብዛኞቹ ራሳቸው ብቸኛ አይደሉም። 559 ለምሳሌ 13 × 43 ነው፤ 1241 ደግሞ 17 × 73። ከላይ ከጻፍኳቸው አሥራ ሁለቱ ብቸኛ የሆኑት 311፣ 1303 እና 1489 ብቻ ናቸው። እንዲህ እየተጣራ ሲሄድ በእርግጥ መሞከር ያለባቸው ከመቶ በታች ይሆናሉ።

ከሁለት ቢሊዮን ወደ መቶ በታች። ምንም ማሽን አልተነካም።

ሦስቱን ከልጆቹ ጋር በወረቀት አካፈልናቸው። ለ311፦ 6905092 ደርሶ 35 ይቀራል። ለ1303፦ 1648107 ደርሶ 226 ይቀራል። ለ1489፦ 1442232 ደርሶ 199 ይቀራል። አንዱም አላካፈለም። አንዱ ልጅ “ሌሎቹን ተከፋፍለን በሁለት ቅዳሜ እንጨርሳቸው” አለ። ልክ ነው፤ ይቻላል። ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑን በሰው ቃል ከማመን በራስ እጅ ማረጋገጥ ይሻላል ብዬም አምናለሁ።

ይህን ሥራ መጀመሪያ የጨረሰው ሊዮናርድ ኦይለር ነው። ስዊዘርላንድ ተወልዶ ብዙ ዕድሜውን ሴንት ፒተርስበርግ ያሳለፈ የሒሳብ ሊቅ ነው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1772 በደብዳቤ ገለጸ። በዚያን ጊዜ ኦይለር ዓይኑ ማየት አቁሟል ማለት ይቻላል። አንዱን ዓይኑን በወጣትነቱ አጥቷል፤ ሁለተኛውን ደግሞ የዓይን ሞራ ጋርዶበታል። ጽሑፉን የሚጽፉለት ረዳቶቹ ነበሩ። የሚያስበው ግን እሱ ነበር። በጭንቅላቱ ረጅም ስሌት የመሸከም ችሎታው በዘመኑም የታወቀ ነው።

ከኦይለር በፊት በዚህ ዓይነት የተረጋገጠው ትልቁ 2¹⁹ − 1፣ ማለትም 524287 ነበር። እሱን ጣሊያናዊው ፒየትሮ ካታልዲ እ.ኤ.አ. በ1588 በተራ ማካፈል አረጋገጠው። ከካታልዲ እስከ ኦይለር ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ነው። በመካከል የተጨመረው ጉልበት አይደለም፤ አካፋዩ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ማወቅ ነው።

የእነዚህ ቁጥሮች የጋራ ስም ሜርሰን ብቸኛ ቁጥሮች ነው። ማረን ሜርሰን ፈረንሳዊ መነኩሴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1644 አንድ ዝርዝር አወጣ። 2ን እስከ 257 ጊዜ ድረስ እያባዛን 1 ስንቀንስ ብቸኛ የሚሆኑት በ2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 የሚመጡት ናቸው አለ። 31 ትክክል ነበር። 67 እና 257 ግን አይደሉም። 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ቀርተውበታል። ይህን ሁሉ አጣርቶ ለመጨረስ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ፈጀ።

ከላይ ያለው ቁጥር፣ የመባዣው ብዛት ማለቴ ነው፣ ራሱ ብቸኛ መሆን አለበት። ምክንያቱ በ0 እና በ1 ሲጻፍ ይታያል። 2⁶ − 1 ስድስት 1 ነው፦ 111111። ይህ 111 ሁለት ጊዜ ተደርድሮ ነው፤ ስለዚህ ለ111፣ ማለትም ለ7 ይካፈላል። 63 = 7 × 9። 31 ቦታ ግን እኩል እኩል ሊቆረጥ አይችልም። ይህ አስፈላጊ ነው እንጂ በቂ አይደለም፤ 11 ብቸኛ ሆኖ ሳለ 2047 እንዳልሆነ አይተናል።

የ67ቱ ታሪክ ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1876 ኤዱዋር ሉካስ 2⁶⁷ − 1 ብቸኛ እንዳልሆነ አረጋገጠ። ማን እንደሚያካፍለው ግን አያውቅም ነበር። አካፋዮቹን አሜሪካዊው ፍራንክ ኮል ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው፦ 193707721 እና 761838257287። ለ27 ዓመት ሰው “ይካፈላል” የሚለውን እያወቀ “ለየትኛው ቁጥር ይካፈላል?” የሚለውን አያውቅም ነበር። ኦይለር የተጠቀመበት ሕግ እዚህም ይሠራል። ከ193707721 ላይ 1 ቀንሱና ለ67 አካፍሉ፤ 2891160 ያለ ቀሪ ይመጣል።

ሉካስ አካፋይ ሳያገኝ እንዴት አወቀ? ለእኔ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ የሚያምረው ይህ ነው። ፈተናው ማካፈልን ትቶታል። በኋላ ዴሪክ ሌመር አስተካክሎት ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ4 ጀምሩ። በራሱ አባዙት፤ 2 ቀንሱ፤ ለምትፈትኑት ቁጥር አካፍላችሁ ቀሪውን ያዙ። ያንኑ ድገሙ። ለ2⁵ − 1 = 31 ሦስት ጊዜ ነው የሚደገመው፦

4 × 4 − 2 = 14። 14 × 14 − 2 = 194፤ ለ31 ሲካፈል 8 ይቀራል። 8 × 8 − 2 = 62፤ ለ31 ሲካፈል 0 ይቀራል።

መጨረሻው 0 ከሆነ ብቸኛ ነው። 0 ካልሆነ አይደለም። ሌላ ፍርድ የለም። ለ127 አምስት ድግግሞሽ ነው፦ 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ 0። ለ2047 ብትሠሩት ግን መጨረሻው 1736 ነው፤ ስለዚህ ብቸኛ አይደለም። የድግግሞሹ ብዛት ሁልጊዜ ከመባዣው ብዛት በ2 ያንሳል። ለእኛ 2147483647 ስለዚህ 29 ድግግሞሽ ብቻ ይበቃል። ተማሪዬ ይህን በስልኳ በጥቂት መስመር ኮድ ጽፋው 0 አግኝታለች። በመካከል የሚመጡት ብዜቶች ከ32 ቦታ ስለሚያልፉ 64 ቦታ ያለው ቁጥር መጠቀም ነበረባት።

በዚሁ ዘዴ ሉካስ በ1876 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ መሆኑን አሳየ። 39 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። ያለ ማሽን ከተገኙት ሜርሰን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1811 እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው ከኦይለሩ ቁጥር አልፎ የሚሄድ ሰው አይኖርም ብሎ ጽፎ ነበር። እንዲህ ያሉት ነገሮች ጥቅም ስለሌላቸው ማን ይደክምባቸዋል የሚል ነበር ሐሳቡ። ሰው ግን ደከመባቸው። ዛሬ ፍለጋው በብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ይፋ የሆነው 2 ቁጥር 136279841 ጊዜ ተባዝቶ 1 የተቀነሰለት ነው። 41024320 አሃዝ አለው። የተረጋገጠውም በዚያው ከ4 በሚጀምር ፈተና ነው።

ጥቅም ከተነሳ፣ የእኛው ቁጥር ጥቅም አለው። ኮምፒውተር ለጌም ወይም ለጥናት “በዕጣ የወጣ” ቁጥር ሲያስፈልገው ከየትም አያመጣም፤ በስሌት ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ስቴፈን ፓርክ እና ኪት ሚለር መነሻ ደረጃ ይሁን ብለው ያቀረቡት ስሌት ይህ ነው፦ ያላችሁን ቁጥር በ16807 አባዙ፤ ለ2147483647 አካፍላችሁ ቀሪውን ያዙ። ከ1 ስትጀምሩ 16807፣ 282475249፣ 1622650073፣ 984943658 እያለ ይሄዳል። ረድፉ ሥርዓት ያለው አይመስልም።

ከላይ የሠራናቸውን ቀለበቶች አስታውሱ። በ2 እያባዛን ለ2147483647 ብናካፍል ቀለበቱ በጣም አጭር ነው፤ በ31 እርምጃ ይገጥማል። ቀሪዎቹ ሁሉ ባለ 31 ቁጥር የሆኑ 69273666 ቀለበቶች ይሆናሉ። ለዕጣ የማይረባ ነው። በ16807 ስናባዛ ግን ቀለበቱ አንድ ብቻ ነው። ከ1 እስከ 2147483646 ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር አንድ አንድ ጊዜ ሳይነካ አይመለስም። ይህ የሚሆነው ደግሞ 2147483647 ብቸኛ ስለሆነ ነው። ባይሆን ኖሮ ሁሉንም የሚያዳርስ ቀለበት አይገኝም ነበር።

ገንዘብ በስልክ ስንልክ መልእክቱን ከሚጠብቁት ቁልፎች መካከልም በብቸኛ ቁጥሮች ላይ የቆሙ አሉ። ለዚያ ግን ይህ ቁጥር በጣም ትንሽ ነው፤ በመቶ የሚቆጠር አሃዝ ያላቸው ያስፈልጋሉ።

ሌላም ጸባይ አለው። 6ን ከራሱ በቀር የሚያካፍሉት 1፣ 2 እና 3 ሲደመሩ 6 ይሆናሉ። የ28ም እንዲሁ፦ 1 + 2 + 4 + 7 + 14 = 28። እነዚህ ፍጹም ቁጥሮች ይባላሉ። እያንዳንዱ ሜርሰን ብቸኛ ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥር ያስገኛል፤ ይህን ዩክሊድ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት አረጋግጧል። ከ2147483647 የሚወጣው ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር ነው፦ 2305843008139952128።

ለመጨረሻ የተውኩት ለእኔ ከሁሉ የሚገርመውን ነው። 31 ራሱ 2⁵ − 1 ነው፤ ሜርሰን ብቸኛ ቁጥር ነው። እንግዲህ ሜርሰን ብቸኛ ቁጥርን ወስደን፣ 2ን ያን ያህል ጊዜ አባዝተን 1 ብንቀንስ ሁልጊዜ ብቸኛ ይመጣ ይሆን? 3 ሲገባ 7 ይወጣል፤ ብቸኛ። 7 ሲገባ 127፤ ብቸኛ። 31 ሲገባ 2147483647፤ ብቸኛ። 127 ሲገባ የሉካስ ባለ 39 አሃዙ ቁጥር፤ እሱም ብቸኛ። ይህን ያየ ሰው ሕግ ያገኘ ይመስለዋል።

ሕጉ ግን የለም። 2147483647ን ራሱን ስናስገባ የሚወጣው ቁጥር ከ646 ሚሊዮን በላይ አሃዝ አለው፤ ብቸኛም አይደለም። 295257526626031 ያካፍለዋል። ይህ አካፋይ እንዴት ሊገኝ ቻለ? በዚያው በቀለበቱ ሕግ ነው። አካፋዩ ሲቀነስ 1 የግድ የ2 × 2147483647 ብዜት መሆን አለበት። 4294967294ን በ68745 አባዙና 1 ጨምሩ፤ ቁጥሩ እሱው ነው።

ከሉካስ ቁጥር ቀጥሎ በሰንሰለቱ የሚመጣው፣ 2 ቁጥር 2¹²⁷ − 1 ጊዜ ተባዝቶ 1 የተቀነሰለት፣ ብቸኛ ይሁን አይሁን ማንም አያውቅም። ከ4 የሚጀምረው ፈተና ለእሱ አይሠራም፤ ድግግሞሹን የሚጨርስ ማሽን የለም። እስካሁን የሚሞከረው አካፋይ በመፈለግ ብቻ ነው፤ የሚፈለገውም ኦይለር በ1772 በፈለገበት ረድፍ ዓይነት ነው፦ 1 ሲቀነስለት የ2 × (2¹²⁷ − 1) ብዜት የሆነ፣ ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 የሚቀረው።